ትሕትና የተባለ መርሳት

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጨምቆ ሲጣራ ምን ይወጣዋል? ገበሬ ያረሰውን መሬትና ያሳደገውን ከብት ያሳያል፤ ነጋዴም ያቆመውን ቤት። ዕድሜውን ሙሉ ከሌላ ሰው የተቀበለውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ለሌላ ሰው ሲያቀብል የኖረስ? እንዲህ ያለው ሰው ቦይ ነው። ቦይ የራሱ ውኃ የለውም፤ የሚመሰገነው ሳያደፈርስ በማሳለፉ ብቻ ነው። እንግዲህ ቦዩ መናድ ቢጀምር፣ መናዱንም ከሁሉ አስቀድሞ ያወቀው ራሱ ቦዩ ቢሆን፣ ለማን ይናገራል? ማንስ ያምነዋል?

መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል የድጓ መምህር ነበሩ። ትውልዳቸው ስማዳ ነው። ገና ጢም ሳያወጡ የድጓ ማስመስከሪያ ወደሆነው ደብር ወደ ቤተ ልሔም ገብተው፣ ከዚያው ጎልምሰው፣ አስመስክረው ወጡ። ከዚያም ከአርብ ገበያ ወዲያ ቁልቁል ወርዶ በሚገኘው በአምባ ሳር ሚካኤል ወንበር ዘረጉ። ድጓ የዓመቱ በዓላትና አጽዋማት ዜማ መጽሐፍ ነው፤ በብራና ይጻፋል፤ ከቃሉ በላይ ደግሞ የዜማው ምልክት እንደ ጉንዳን ሰልፍ በደቃቁ ይሰፍራል። ምልክት ግን አስታዋሽ እንጂ ዜማ አይደለም። ዜማው የሚኖረው በመምህሩ ራስና ጉሮሮ ውስጥ ነው። ተማሪው ያዜማል፤ መምህሩ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፤ የሳተ እንደሆነ በመቋሚያቸው መሬቱን መታ ያደርጋሉ። ያን ጊዜ ተማሪው በቢላዋ ምልክቱን ፍቆ የታረመውን ይጽፋል። አምባ ሳር ላይ አንድ መቋሚያ መሬት ከነካ ክርክር የለም።

መርሳቱ የጀመረው ከወንበሩ ርቆ ነበር። አንድ አርብ መሪጌታ በበቅሎ ገበያ ሄደው በእግራቸው ተመለሱ።

«በቅሎዋስ?» አሏቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ አመተ ሥላሴ።

«የቷ በቅሎ?»

በቅሎዋ ቀድማቸው ገብታ ከጋጣው ቆማ ነበር። ጎረቤት ሁሉ ሳቀ። «መሪጌታ ልባቸው ሰማይ ነው፤ ምድሩን ለበቅሎዋ ትተውላታል» ተባለ። እሳቸውም አብረው ሳቁ። «ከሁለታችን አንዳችን መንገዱን ካወቅነው ይበቃል» አሉ። ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን በቅሎዋን የት እንዳሰሯት ለማስታወስ ቢሞክሩ ቦታው የለም፤ ደብዝዞ ሳይሆን ጭራሹን የለም። ድጓን በራሱ ይዞ የኖረ ሰው፣ የደበዘዘና የጠፋ ነገር እንደሚለያዩ ያውቃል። የደበዘዘው ሲጠሩት ይመጣል።

በ፳፻፫ ዓ.ም. ዐቢይ ጾም ሲቃረብ ነገሩ ወንበሩ ላይ ደረሰ። ኢዮብ የሚባል ከእስቴ የመጣ ተማሪ የጾሙን መጀመሪያ ሰንበት፣ የዘወረደን ዜማ እያሰማ ነበር። መሪጌታ መቋሚያቸውን መታ አደረጉ።

«አይደለም» አሉና ራሳቸው አዜመው አሳዩት።

ኢዮብ ብራናውን አየ፤ መምህሩን አየ። የተማሪዎቹ የበላይ የሆነው ወልደ ገብርኤል አንገቱን ደፋ። ኢዮብ ቢላዋውን አወጣና ፋቀ።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ መሪጌታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሽቅብ ሲወጡ፣ እግራቸው በራሱ ምት ሲሄድ፣ ጉሮሯቸው ያንኑ ዜማ ሳይጠሩት አነሣው። ያነሣው ኢዮብ እንዳዜመው ነበር። ቆሙ። እንደገና አዜሙት። ትክክሉ የልጁ ነበር። ጉሮሯቸው የሚያውቀውን ራሳቸው አላወቀውም። ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ብዙ ቆዩ፤ ያገኛቸው ሁሉ ጸሎት ላይ መስለውት ዝቅ ብሎ እጅ እየነሣ አለፈ።

በማግስቱ ተማሪው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «ኢዮብ፣ ትናንት የፋቅኸውን መልሰህ ጻፈው። የሳትሁት እኔ ነኝ» አሉ።

ተማሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩና ፈገግ አሉ።

«አይ የኔታ፣ ፈተናዎ ተነቃ» አለ አንዱ ደፈር ብሎ።

«የምን ፈተና?»

«ዜማውን ልቡ ላይ ያሰረ ይጸናል፣ ያላሰረ ይፍቃል ብለው አይደል? ኢዮብ ወደቀልዎ።»

«ቢላዋው ከልቡ ቀደመ» አለ ሌላው፤ ጎጆው በሳቅ ተሞላ። ኢዮብም እያፈረ ሳቀ። መልሶ ግን አልጻፈውም። ሌላ ፈተና ቢሆንስ? ሁለቱንም ያዛቸው፤ አንዱን ለልቡ፣ አንዱን ለብራናው።

ተማሪው ሲበተን መሪጌታ ወልደ ገብርኤልን አስቀሩት።

«ሰምተሃል አይደል?»

«ምኑን የኔታ?»

«እየጠፋብኝ ነው።»

«ለእርስዎ ከጠፋማ ለእኛ መቼ ተገኘና።»

መሪጌታ የሚናገሩት ቋንቋ እንደከዳቸው ያወቁት ያን ጊዜ ነው። በሊቃውንት ዘንድ «አላውቅም» ማለት የዐዋቂ ሰላምታ ነው። ያወቀ ዝቅ ይላል፤ የበለጠ ያወቀ የበለጠ ዝቅ ይላል። እሳቸውም ዕድሜያቸውን ሙሉ፣ ራሳቸው በሙሉ ብርሃን ሳለ፣ «እኔ ምን አውቄ» ሲሉ ኖረዋል። ቃሉ በትሕትና ሲያልቅ ኖሮ ለእውነት ሲፈለግ ባዶ ሆነ። እሳት ነደደ ብሎ የሚጮኸውን ሰው መንደሩ «አቤት ድምፁ ሲያምር» ቢለው እንደማለት ነው።

ያመነቻቸው ልጃቸው ሕሊና ብቻ ነበረች። ደብረ ታቦር መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ለበዓል ስትመጣ አንዱን ጥያቄ በአንድ ማዕድ ላይ ደጋግመው ሲጠይቋት ሰማች፤ አልሳቀችም። ወስዳ አስመረመረቻቸው። አዲስ አበባ ድረስ ሄደው ራሳቸው ኤም አር አይ በሚሉት የመግነጢስ መሣሪያ ፎቶ ተነሣ። ሐኪሙ ፎቶውን ወደ ብርሃን ይዞ፣ ጥቂት የአንጎል መሟሸሽ እንዳለ፣ ግን ለዕድሜያቸው ደኅና ሊባል እንደሚችል ተናገረ።

«ደኅና አይደለሁም» አሉ መሪጌታ።

«የደኅና ሰው አነጋገር ነው የሚናገሩት አባቴ።»

«እኔ የምነግርህ ቤቱ ቆሟል አልቆመም አይደለም ልጄ። ውስጡ ሰው አለ ወይ ነው።»

ሐኪሙ እንዲህ ያለውን የሚያሳይ መሣሪያ እንዳለ፣ ፔት ስካን እንደሚባል፣ የአንጎልን ቅርጽ ብቻ ሳይሆን ሥራውን እንደሚያሳይ ነገራቸው። አገር ውስጥ ግን የለም። ደግሞም ቢያሳይ እንጂ አይፈውስም አለ፤ ይህን የተናገረው ለሕሊና ነበር።

«ማሳየቱ ይበቃኛል» አሉ መሪጌታ። «ፈውስ የፈለገ ማን ነው? እኔ የምፈልገው ምስክር ነው።»

ቀድሞ ተማሪያቸው የነበረና ዜማው አልሆን ብሎት ወደ ንግድ የገባ አወቀ የሚባል ሰው ወጪውን ቻለ። እሱም ቢሆን የከፈለው እንዲድኑለት ነው። እንደማይድኑ ማንም አልነገረውም። ሕሊና ሥራዋን አስፈቅዳ አባቷን ይዛ ህንድ አገር ሄደች።

እዚያ ሆስፒታል የመጀመሪያው ትእዛዝ ከእህል መከልከል ሆነ። ሕሊና ስትተረጉምላቸው መሪጌታ ከመጡ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

«ሐኪሙም ጾም ያዝዛል? ስንት ሰዓት ድረስ?»

«መርፌው እስኪሰጥ አባዬ።»

«ቀላል ነው በይው። ስግደቱንም ከፈለገ አንድ ላይ ይዘዝ።»

ከዚያ ሐኪሙ ሥራውን አስረዳ። በደም ሥራቸው ጨረር ያዘለ ስኳር ይገባል። አንጎል ምግቡ ስኳር ነው፤ የሚሠራው ክፍል ስኳሩን ይወስዳል፤ የደከመው አይወስድም። መሣሪያው ስኳሩ የት እንደገባ ያያል።

«ገብቶኛል» አሉ መሪጌታ። «ስኳሩ እንደ መጋቢ በየደጁ ይዞራል። ሰው ያለበት ቤት ወጥቶ ይቀበላል፤ ባዶው ቤት አይከፍትም።»

መርፌውን ሰጧቸውና ደብዘዝ ያለ ክፍል ውስጥ አስተኟቸው። እንዳይናገሩ፣ እንዳይነቃነቁ፣ ጭንቅላታቸውን እንዳያደክሙ ተነገራቸው። እሳቸው ግን ድጓውን ከመስከረም አንድ፣ ከዮሐንስ ጀመሩ፤ በልባቸው፣ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ። የዘመን መለወጫው ሙሉ ነበር፤ መስቀሉም። የኅዳሩ አስተምህሮ ላይ ሲደርሱ እዚህም እዚያም እርከኑ ተንዷል፤ ዘለው አለፉ። የዐቢይ ጾሙ ዜማ፣ ጾመ ድጓ ላይ ግን መንገድ አልነበረም። ቃሉ ይመጣል፣ ዜማው አይከተለውም፤ ዜማው ይመጣል፣ ቃል የለውም። እንደ ተጣሉ ባልና ሚስት አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። ፋሲካን ፈለጉ፤ ደጁን እንኳ አጡት። ስኳሩ በዚያ ሰዓት እዚያው ደጅ ቆሞ እያንኳኳ እንደሆነ አሰቡ። ዓይናቸው ዳር ያቆረውን እንባ ነርሷ መጥታ ጠረገችላቸው፤ መነቃነቅ ተከልክለዋልና አላመሰገኗትም።

ፎቶው በስክሪን ላይ ወጣ። የሚሠራው ቀይና ቢጫ ነው፤ ያልተቀበለው ሰማያዊ። ሐኪሙ ከጆሮ በላይ ያለውን በሁለቱም ወገን፣ ከዚያም የኋለኛውን፣ ከዚያም መሐሉን በጣቱ እያመለከተ ረዘም አድርጎ ተናገረ። ሕሊና «ደክሟል ነው የሚለው» አለች።

«ብዙ ተናግሮ አንቺ አንድ ቃል አወጣሽለት?»

«አባዬ…»

«የምትተረጉሚ ከሆነ ያለውን ተርጉሚ። እኔ ስዘምር የወደድሁትን መርጬ አልዘመርሁም።»

እሷም ተረጎመች። አልዛይመር የሚሉት በሽታ ይመስላል። የሰማያዊው ክፍል ሕዋሳት እየሞቱ ነው። ሌላውም ይከተላል። ማስታወስ፣ ከዚያ ቋንቋ፣ ከዚያ የሰው መልክ መለየት። መመለሻ የለውም። መሪጌታ እስከ መጨረሻው አዳመጡ፤ ተማሪ ሲያዳምጡ እንደሚያደርጉት ዓይናቸውን ጨፍነው። ሲያበቃ፣ «ይህን በወረቀት ይስጡኝ» አሉ።

ከአገር ቤት ሲደርሱ ቀኑ ሰንበት ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ካህናቱና ምእመናኑ ደጀ ሰላም ተቀምጠው ሳለ መሪጌታ ፎቶውን ከነጠላቸው ሥር አወጡና ለደብሩ አስተዳዳሪ ለአለቃ ቀለመወርቅ ሰጡ። አለቃ ክፉ ሰው አልነበሩም። ይህን መናገር ያስፈልጋል፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው የለምና፤ ቢኖር ኖሮ ይቀል ነበር።

«የእርስዎ ራስ ነው ይኸ?» አሉ አለቃ።

«የእኔው ነው።»

«ቀዩ ምንድን ነው?»

«ስኳሩን የተቀበለው ክፍል ነው» አለች ሕሊና።

«ሰማያዊውስ?»

«ያልተቀበለው። ስኳር ሲሰጡት አልወሰደም።»

አለቃ ፎቶውን ራቅ አድርገው ያዙ፤ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «ስንት ሁዳዴ የጾመ ራስ ነው፤ ፈረንጅ ስኳር ቢሰጠው ይቀበላል?»

ከሰዎቹ መካከል የመደነቅ ድምፅ ተነሣ። «ሰማያዊም የሆነው በከንቱ አይደለም» አለ አንድ ሽማግሌ። አንዲት ባልቴት በጉልበታቸው ቀረብ ብለው «እስቲ ልሳመው» አሉ፤ ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ ተሳመ። ሕሊና «በሽታ ነው እኮ» አለች፤ ቃሏ ግን የመድኃኒት ቤት ቃል ነበር፤ ሰሚ አላገኘም።

መሪጌታ ብድግ አሉ።

«ወገኖቼ፣ ስሙኝ። ይኸ ጾም አይደለም፤ መበስበስ ነው። አባቶች በአደራ የሰጡኝ ዜማ በእኔ እጅ እየተበላሸ ነው። ለልጆቹ የማቀብለው የተበላሸውን ነው። ከወንበሩ አውርዱኝ። ወልደ ገብርኤልን አስቀምጡት።»

ለአንድ አፍታ ያመኗቸው መሰለ። ያን ጊዜ ወልደ ገብርኤል ወደ አጥሩ ሄደ፤ ድንጋይ አንሥቶ አንገቱ ላይ ጫነና ከመምህሩ እግር ሥር ወደቀ።

«ምን አጥፍቻለሁ የኔታ? የኔታ ቆመው እኔ ልቀመጥ? ከዚህስ መሬቱ ይዋጠኝ።»

«ተነሣ ልጄ።»

«አልነሣም። እሺ ይበሉኝ።»

ሰው አለቀሰ። አለቃም አለቀሱ። በዚያ አገር ድንጋይ ተሸክሞ የወደቀ ሰው ደም እንኳ ይታለፍለታል። ድንጋዩን አውርድ አልልም ያለ ሽማግሌ በአምባ ሳር ታይቶ አይታወቅም። ሊለምኑ የመጡት ሰው ተለማኝ ሆኑ። መሪጌታ ከልጁ አንገት ላይ ያለውን ድንጋይ፣ ቀጥሎም ሕዝቡን አዩ፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ የኖሩበት ሥርዓት ሁሉ ከበባቸው። ጎንበስ ብለው ድንጋዩን በእጃቸው አወረዱለት። እልልታ ቀለጠ።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን አጭር አይደለም፤ ለመናገር ግን አጭር ነው። በየማለዳው ወንበሩ ላይ ያስቀምጧቸዋል። የመጡላቸውን ያዜማሉ። አንዳንድ ቀን ትክክሉ ይመጣል፤ ብዙውን ቀን ከዚህኛው ተቆርጦ በዚያኛው የተቀጠለ ይመጣል። ተማሪዎቹ ምልክታቸውን ይፍቃሉ፣ ይጽፋሉ፤ ስልክ ያለውም ይቀዳል። የሳተው ዜማ ስም ወጣለት፤ «የአምባ ሳር አካሄድ» ተባለ። ከቤተ ልሔሙ ለምን እንደሚለይ የጠየቀ ቢኖር፣ የኔታ በመጨረሻ ዘመናቸው የገለጡት ረቂቅ ነው ይሉታል። ሩቅ አገር ድረስ ስሙ ተሰማና ተማሪው በዛ። አወቀ ለተማሪዎቹ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት ሠራ። ኢዮብም በልቡ የያዘውን ከጊዜ ብዛት ረስቶ ብራናው ላይ ያለውን ብቻ ተሸክሞ ወደ እስቴ ተመለሰ፤ መካነ ኢየሱስ አጠገብ ወንበር ዘርግቶ ማስተማር ጀመረ።

ወልደ ገብርኤል ትክክሉን ያውቅ ነበር። በጎጆው ለብቻው ሲሆን እንደ ቀድሞው ያዜማል፤ ከመምህሩ ፊት ሲቀመጥ ግን መምህሩ እንዳዜሙት። ይህን የሚያደርገው ከፍቅር የተነሣ ነው። ፍቅር ስንት ነገር እንደሚያድን ሲጻፍ ኖሯል፤ ስንት ነገር እንደሚያጠፋ ግን የጻፈው ጥቂት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ መሪጌታ ሕሊናን «እናቴ» ይሏት ጀመር። ከዚያ ስም መጥራቱም ቀረ። በጥር ወር አረፉ። የቀብሩ ዕለት ከጋይንት፣ ከስማዳ፣ ከእስቴ የመጡ ደቀ መዛሙርት በሁለት ረድፍ ቆመው በአምባ ሳር አካሄድ ዘመሩላቸው። ከሁሉም መካከል ዜማው የተሳሳተ መሆኑን የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፤ እሱም ከሁሉ ከፍ አድርጎ ይዘምር ነበር።

መሪጌታ ግን ቃል ሳይከዳቸው በፊት፣ በመጨረሻው ደኅና ክረምታቸው፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት አንድ ጠዋት ተነሥተው ነበር። ባለቤታቸውን በስማቸው ጠሩ። ልጃቸውን በስሟ ጠሩ። ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡና አንድ ነገር ለመኑ። ሕሊና በዚያው ቀን ልመናውን ይዛ አለቃ ዘንድ ሄደች።

አለቃ ቀለመወርቅ እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ «ልጄ፣ ያመጣሽልን ፎቶ እኮ አእምሯቸው ታሟል ይላል» አሏት በርኅራኄ። «የታመመ ሰው ኑዛዜ እንደማይጸና አንቺም ታውቂያለሽ። ይህን ብናውጅ የእሳቸውን ስም ነው የምንቀብረው።»

ወልደ ገብርኤልን ለመነችው። ፊቱን በነጠላው ሸፈነ። «የኔታ ሳቱ ብዬ በአፌ ልናገር? ሌላ ነገር እዘዢኝ።»

አወቀን በስልክ አገኘችው፤ እሱ ደግሞ የተሻለ ሐኪም ስለመፈለግ ነገራት።

ባዶ እጇን ስትመለስ አባቷ ደጁ ላይ ቆመው ይጠብቋት ነበር። የላኳትን አልረሱም፤ ብዙ ነገር ረስተው ያችን ቀን ይህን አልረሱም።

«እሺ አሉ?» ብለው ጠየቋት።

ነጠላቸውን ታስተካክልላቸው ጀመር። መሪጌታ ልመናውን ያልሰማች መስሏቸው ለትንሽ ልጅ እንደሚያስረዱ ቀስ ብለው ደገሙላት።

«ከታመምሁ ወዲህ ከእኔ የተማሩትን ልጆች ሰብስቡና ቤተ ልሔም ላኳቸው። እዚያ ይታረሙ። ከእኔ አፍ የጻፉት ይፋቅ።»